የሐኪም ገሰሰ ሞተር

ሐኪም ገሰሰ በሕይወታቸው ከልባቸው የጠሉት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም በመልክ አያውቁትም። የሚያውቁት የእጅ ጽሑፉን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ስኳር የጎዳው ግራ እግራቸው ከጉልበት በላይ ሲቆረጥ፣ በሆስፒታሉ ቅጽ ላይ ቤተሰብ በሚፈርምበት መስመር አንድ ሰው «የገሰሰ ልጅ ነኝ፤ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ» ብሎ ጽፎ ፈርሟል። ሐኪም ገሰሰ ወንድ ልጅ የላቸውም። ከሆስፒታል ሲወጡ የቅጹን ቅጂ ለምነው ተቀበሉ። አራት ላይ አጥፈው ዳዊታቸው ውስጥ አስቀመጡት። ጠዋት ጸሎታቸውን እንደጨረሱ ያወጡታል፤ ያዩታል፤ መልሰው ያጥፉታል።

ሴት ልጃቸው ሕሊና ይህን እያየች ሦስት ዓመት ኖራለች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች አባቷ ያለ እሷ ሰው የላቸውም። ያን ሰሞን ግን ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄዳ መንገድ ተዘጋባት፤ ስልክም ተቋረጠ። አባቷ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ሞተር ሲነዱ አንበሳሜ አጠገብ መውደቃቸውን የሰማችው እግራቸው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ደርሳ አልጋቸው አጠገብ ስትቆም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

«ልጅህ ነኝ ብሎ የቆረጠኝ ሰው አለ» አሏት። «እሱን ሳላገኝ አልሞትም።»

ያዳናቸው መድኃኒቱ ይሁን ይህ ቂም፣ ሕሊና ለመጠየቅ አልደፈረችም።

ሐኪም ያላቸው ገበሬው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የፋርጣ ወረዳን ከብት ሲከትቡ የኖሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው። በአንዲት ያማሃ ሞተር ያልደረሱበት መንደር የለም፤ ጋሳይን፣ ክምር ድንጋይን፣ የጉናን ጥግ ሁሉ ዞረውባታል። ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረቶቹን በጨረታ ሸጠ፤ ሕሊናም ተጫርታ ሞተሩን ገዛችላቸው። ደስ ይላቸዋል ብላ ነበር። ሞተሩ ከጣሪያው ጥላ ሥር ላስቲክ ለብሶ ሲቆም ግን አባቷ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ሰጡት። አንድ ጠዋት «ከዓይኔ አርቂልኝ» አሏት። «ይፋግ ገበያ ወስደሽ ሽጪው። ለማን እንደሸጥሽው እንዳትነግሪኝ።»

ሕሊና ሞተሩን አስጭና ወሰደችው። የወሰደችው ግን ይፋግ አልነበረም፤ ከደብረ ታቦር ዳር፣ የእሸቴ ግቢ ነው።

እሸቴ በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ነው። ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ቤተሰቦቹ አንበሳሜ ጥግ የሚያርሱ፣ እጁ በብየዳ ጠባሳ የተዥጎረጎረ ዝምተኛ ሰው። ከሁለት ዓመት በፊት ሕሊና የአባቷን የብረት ምርኩዝ ልታስበይድ ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወዲያ ለመምጣት ሰበብ አላጣችም። አባቷ ወሬውን ሲሰሙ «አስተምሬሽ ብረት ለሚቀጠቅጥ አልሰጥሽም» አሉ፤ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ስልኳ በጠራ ቁጥር ጆሯቸውን ስለሚያቆሙ እሸቴ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። ደብዳቤዎቹን ከቢሮዋ ሥር ሱቅ ያላት ደሳለች ትቀበልላታለች።

*

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሕሊና የእሸቴን ግቢ በር ገፍታ ስትገባ እግሯ ደጃፉ ላይ ተገታ።

ስምንት ወር ሙሉ ሞተሩን ያየችው ተፈታቶ ነው። በዞኑ መሥሪያ ቤት የውኃ ሥራ ንድፍ የምትስል ባለሙያ ስለሆነች የዚህንም ንድፍ ያወጣችው እሷ ናት። የሰልባትዮውን፣ የቤንዚን መያዣውን፣ ዝገት በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገች ብረቱ እስኪያበራ ያጸዳችውም እሷ ናት። አሁን ሁሉም ነገር ቦታው ገብቶ፣ ጥቁር አረንጓዴ ተቀብቶ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል።

ከድሮው የሚለየው በግራ ጎኑ ነው። የያማሃ ማርሽ በግራ እግር ነው የሚለወጠው፤ ግራ እግር የሌለው ሰው ማርሽ መለወጥም፣ ሲቆም ሞተሩን መደገፍም አይችልም። ስለዚህ እሸቴ ከተሰባበረ ባጃጅ የተገኘ ጎማ አምጥቶ በጠንካራ ቱቦ ከሻሲው ጋር በየደው፤ ሞተሩ ብቻውን የሚቆም ባለ ሦስት ጎማ ሆነ። ማርሹን ደግሞ ከእግር ወደ እጅ አመጣው። ከታች ተነሥቶ እስከ ወገብ የሚደርስ ዘንግ ሠራ፤ ማርሽ ሲለወጥ የሚጨበጠውን ፍሪሲዮንም ከመሪው ነቅሎ በዘንጉ ራስ ላይ አሰረው። አንድ እጅ ሁለቱንም እንዲሠራ።

«እንዴት ነው?» አላት እሸቴ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እየሰቀለ።

«ሌላ ሞተር መሰለኝ።»

«ድምፁን ስሚው» አለና የማስነሻ ፔዳሊናውን ረገጠው። አንዴ፣ ሁለቴ፤ በሦስተኛው ተነሣ።

ሕሊና ዓይኗን ጨፈነች። ይህን ድምፅ የምታውቀው ገና ከቤታቸው ዳገት ግርጌ ሲሰማ ጀምሮ ነው። ልጅ ሳለች አመሻሽ ላይ ሲሰማት ያነሣችውን ሁሉ ጥላ በር ልትከፍት ትሮጥ ነበር። አባቷ በአቧራ ነጥተው፣ የክትባት ሳጥናቸውን ከኋላ አስረው ይገባሉ። በሁለት እግራቸው ወርደው እሷን ሰልባትዮው ላይ ያስቀምጧታል።

ዓይኗን ስትገልጥ እሸቴ እያያት ነበር። እንባዋን ሊጠርግላት እጁን አነሣና ጣቶቹ በግራሶ እንደቆሸሹ አስታወሰ። በእጁ ጀርባ ጉንጯን ነካት። ሞተሩን አጠፋ።

«ሕሊና፣ ከመውሰድሽ በፊት የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ንገረኛ።»

«ልነግርሽ ስነሣ፣ ስቀመጥ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ሽማግሌ ስለመላክ ሊያወራ ነው ብላ አሰበች። ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይታይባት ከንፈሯን ነከሰች። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ልቧ ሞልቶ አያውቅም።

ከበሩ ውጭ ባጃጅ ቆመ።

*

መጀመሪያ የሰማችው ምርኩዙን ነው። የዚያን ምርኩዝ አረጋገጥ ከሺህ ምርኩዝ ትለየዋለች።

ሐኪም ገሰሰ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ገቡ። ሴት ልጃቸውን እንዳላዩ አለፏት። እሸቴ ፊት ሦስት ክንድ ርቀው ቆሙ።

«እሸቴ የምትባለው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ከኮታቸው ደረት ኪስ አንድ ወረቀት አወጡ። ሕሊና እሸቴ የጻፈላት ደብዳቤ መሆኑን አወቀችው።

«የመድኃኒት ማዘዣዬን ስፈልግ ከመሳቢያዋ አገኘሁት» አሉና እያንዳንዱን ቃል እየቆረጡ ጮክ ብለው አነበቡት። «‹ሕሊናዬ፣ ቀለሙ ትናንት ደርቋል። ቅዳሜ ነይ። አንቺ አጠገቤ ስትስቂ ብየዳዬ ራሱ ቀጥ ይላል፤ ስትሄጂ ይጠማል።›»

በእሳቸው አፍ ቃሎቹ ራቁታቸውን የወጡ መሰሉ። ሕሊና አፈረች፤ ካፈረችም በላይ ተናደደች።

«አባባ፣ ደብዳቤው የእኔ ነው።»

«የአንቺ ነው። እጁን ግን አውቀዋለሁ።» ሁለተኛውን ወረቀት አወጡ። በአራት ላይ የታጠፈውን። «የ‹ል›ን አንገት እንዲህ ወደ ኋላ የሚሰብር ሰው አንድ ነው። ሦስት ዓመት በየጠዋቱ አይቻታለሁ። እዪው።»

ሕሊና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያዘች። «ልጅ ነኝ» የሚለው «ል» እና «ደርቋል» ውስጥ ያለው «ል» አንድ እጅ ያወጣቸው ናቸው። ቀና ብላ እሸቴን አየችው። አይደለሁም እንዲላት ጠበቀች። ውሸትም ቢሆን እንዲላት።

እሸቴ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ መሬት ላይ አኖረው።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ልጄ ነህ?» አሉት ሐኪም ገሰሰ።

«አይደለሁም።»

«መልክህን ትኩሳቱ ወስዶብኛል። ለምኜህ ነበር ወይስ አልለመንኩህም?»

«ለምነውኛል።»

«ምን ብዬ?»

«‹አታስቆርጠኝ፤ በሁለት እግሬ ልሙት› ብለው።»

«ሰምተህ ፈረምክ።»

«ሰምቼ ፈረምኩ።»

ሐኪም ገሰሰ ምርኩዙን አነሡ። እሸቴ አልሸሸም፤ እጁንም አልከለለም። ምርኩዙ ሲነሣ ግን የሚደግፋቸው ነገር ስላልነበረ ሚዛናቸው ከዳቸው። ሕሊና ልትይዛቸው ሳትደርስ በእጃቸው ያገኙትን ነገር አነቁ። ሞተሩን።

ሦስቱ ጎማዎች ንቅንቅ አላሉም።

ሐኪም ገሰሰ እጃቸው ያረፈበትን አዩ። መሪውን፣ ሰልባትዮውን፣ ከመብራቱ ሥር ያለችውን የድሮ ስርጉድ አዩ። ከዚያ በግራ በኩል የወጣውን ቱቦና የባጃጁን ጎማ አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ አመድ ሆነ።

«ይፋግ አልሸጥሽውም» አሉ።

«አልሸጥኩትም አባባ። እንዲነዱት ብዬ ነው። በእጅ እንዲነዱት...»

«እኔን ቆረጠኝ» አሉ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «አሁን ደግሞ ከልጄ ጋር ሆኖ ሞተሬን ቆረጠው።»

ሕሊና ወደ እሸቴ ዞረች።

«እያወቅክ ነው ምርኩዙን የበየድከው?»

«አዎ።»

«አባቴ በየጠዋቱ ያንን ወረቀት እያወጡ እንደሚያዩ ነግሬህ አልቅሻለሁ። እዚሁ፣ እዚህች ድንጋይ ላይ ተቀምጬ። አንተ ምን አልከኝ? ‹አይዞሽ› አልከኝ።»

«ፈራሁ።»

«ምንህ እንደሆንኩ ንገረኝ። ጸጸትህን የምታስታምምብኝ ነኝ? ለዚህ ነው የፈለግከኝ?»

«አይደለም» አለ እሸቴ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ተሰበረ። ሲናገር ግን የሚያየው አባቷን ነበር። «ጋሼ፣ አንበሳሜ መንገድ ላይ ወድቀው ያገኘሁዎ እኔ ነኝ። ዶክተሩ እስከ ማታ ካልተቆረጠ አይተርፉም አለ። ቤተሰብ አምጣ አለኝ። ስልክ የለም፣ መንገድ የለም። አንቱ ነቃ ሲሉ ‹አታስቆርጠኝ› ይሉኛል። ትኩሳቱ ሲወስድዎ ደግሞ ‹ሕሊና፣ በሩን ክፈችልኝ› ይላሉ። ደጋግመው። ‹መጥቻለሁ፣ በሩን ክፈችልኝ።› ሁለቱም የአንቱ ቃል ነው። እኔ ደግሞ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ቤቱ ሊገባ የሚጣራ ሰው መሞት አይፈልግም ብዬ ፈረምኩ።»

ሐኪም ገሰሰ ሞተሩን አጥብቀው ያዙ። እሸቴ ቀጠለ።

«ዘመድ እስኪመጣልዎ በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሲነቁ የፈረመውን ሲረግሙ ሰማሁና ወጣሁ።» ቆም አለ። «ስሟን የሰማሁት ከአንቱ አፍ ነው። መልኳን ሳላውቅ ዓመት ሙሉ ስሟ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከዚያ አንድ ቀን ምርኩዝ ይዛ መጥታ ‹ሕሊና ገሰሰ ነኝ› አለችኝ። ያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። ሳልናገር ወደድኳት፤ ከወደድኳት ወዲያ ደግሞ መናገር አቃተኝ።»

ሕሊና ደረቷ ውስጥ ሁለት ነገር ሲጋጭ ተሰማት። «በሩን ክፈችልኝ» የሚለው ቃል ወደ አባቷ ሊያስሮጣት ደረሰ። ንዴቷ ግን ቀጥ አድርጎ ያዛት።

«በሰው ቃል መሐል የምትመርጥ አንተን ማን አደረገህ?» አሉ ሐኪም ገሰሰ በመጨረሻ።

«ማንም።»

የሽማግሌው እጅ አሁንም ሞተሩን እንደያዘ ነው። ሳያስቡት ይመስላል፣ ግራ እጃቸው ወደ ዘንጉ ተዘረጋ፤ ሊደርስበት ጥቂት ቀረው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ማርሹ ነው» አለ እሸቴ። «ከፍሪሲዮኑ ጋር።»

«ማን ነው የነደፈው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሕሊና።

«ሩቅ ነው። የጋሳይን ዳገት በዚህ የሚወጣ ሰው ማርሽ ልለውጥ ብሎ ጎንበስ ሲል ገደል ይገባል። ደደብ ሥራ።» ምርኩዛቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ዞሩ። «እኔ ሄጃለሁ። ልትመጪ ከሆነ ባጃጁ ቆሟል።»

ሕሊና ደብዳቤውን እሸቴ እግር ሥር ጣለችው። እንዳያት አውቃለች። ዞር ብላ ግን አላየችውም፤ ብታየው ኖሮ ንዴቷን ይዛ ከዚያ በር መውጣት አትችልም ነበር።

*

በቀጣዩ ማክሰኞ ደሳለች «መጥቶልሻል» ብላ ፖስታ ብታቀብላት ሕሊና ሳትከፍት መለሰችው። ሐሙስ ሌላ መጣ፤ እሱንም መለሰች። ሁለተኛውን ስትመልስ ግን እጇ ዘገየ።

በእሸቴ ላይ የምትቆጣበትን ነገር ራሷም አድርጋዋለች። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚነሣት ይህ ነበር። አባቷን ስምንት ወር ዋሽታለች። በየቅዳሜው ልብሷ ላይ ግራሶ ይዛ ስትገባ «ከጓደኞቼ ጋር ነበርኩ» ብላቸዋለች። እሸቴ በዚህ መልሶ ሊወቅሳት ይችል ነበር፤ ያን ዕለት በአባቷ ፊት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይህም ደግሞ አናደዳት፤ በእሱ ላይ መናደድ እንኳ እንዳይመቻት አድርጓታልና።

ዓርብ ጠዋት ለቢሮ ለብሳ ስትወጣ አባቷ ደጃፉ ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተዋል። ዳዊቱ ጭናቸው ላይ ተዘግቷል። ግራ እጃቸው አየር ላይ የሌለ ነገር ጨብጦ ወደ ፊት ገፋ፤ ቆየት ብሎ ወደ ኋላ ሳበ። ደግሞ ገፋ።

ሕሊና ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አባባ፣ እኔም ዋሽቼዎታለሁ። እኔን ለምን አይጠሉኝም?»

እጃቸው በድንጋጤ ወደ ጭናቸው ወረደ። ለማየት ዞር አላሉም።

«አንቺን ከጠላሁ በር ማን ይከፍትልኛል?» አሉ። ወዲያውም ድምፃቸውን አጠነከሩት። «እሱን ግን አልማርኩትም። በከንቱ አትድከሚ።»

«እኔም አልማርኩትም።»

«እንግዲያው ተስማምተናል።»

ከታች ከመንገዱ የሚኒባስ ረዳት «ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር» እያለ ይጣራል።

«አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ መምጣት አለበት» አሉ ሐኪም ገሰሰ። «ዘንጉ።»

ሕሊና ከቦርሳዋ የሥራ ሜትሯን አወጣች። ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች። «ክንድዎን ይዘርጉ» አለቻቸው። አባቷ ቅንድባቸውን ቋጥረው፣ እሷንም ሜትሩንም ላለማየት ወደ ጉና እያዩ፣ ክንዳቸውን ዘረጉ። ክንዳቸው ቀጥኗል። በእጇ ስትይዘው የስንት ዓመት ልፋት እንደሆነ ተሰማት፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ማንበብ ነበረባት።

*

እሸቴ ሞተሩ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሥራ የሠራም አይመስልም። ስትገባ ብድግ አለ፤ አንድ እርምጃ ራመደና ፊቷን አይቶ ባለበት ቆመ።

«ሃምሳ ስምንት ሴንቲ» አለችው።

«ምኑ?»

«ከወንበሩ እስከ ዘንጉ። የአባባ ክንድ የሚደርሰው እስከዚያ ነው።»

ጠመኔውን ከኪሱ አውጥቶ ሻሲው ላይ ምልክት ለማድረግ ጎንበስ አለ። መስመሩ ተጣመመበት፤ በአውራ ጣቱ አጥፍቶ እንደገና አሰመረ።

«ይቅር አሉኝ?» አለ ቀና ሳይል።

«አላሉህም። እኔም አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«በጊዜው ብትነግረኝ ኖሮ አንድ ቀን እጠላህ ነበር፤ ሁለት ቀን ቢበዛ። አሁን ለስንት ቀን እንደምጠላህ አላውቅም።»

«ካወቅሽ ንገሪኝ» አለ በቀስታ። «ካላወቅሽም ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

እሸቴ የድሮውን ብየዳ በሰጌቶ መጋዝ ቆርጦ ዘንጉን አላቀቀ፤ በአዲሱ ምልክት ላይ አቆመው። ብቻውን ግን መያዝም መበየድም አይችልም። ግራ ቀኙን አየ። ሊጠይቃት አልደፈረም።

ሕሊና ከመሬት ጨርቅ አነሣች፤ በእጇ ላይ ጠቀለለችውና ዘንጉን ጨበጠች።

«ትንሽ ወደ አንቺ» አላት። ሳበችው። «ትንሽ ደግሞ።» እንደገና ሳበችው። «እዚያ ላይ ያዢው። ዓይንሽን ጨፍኝ።»

ጨፈነች። ብየዳው ሲጮህ፣ ብርሃኑ በተዘጋው ዓይኗ ላይ ቀልቶ ሲታያት፣ ሙቀቱ በብረቱ ውስጥ አልፎ ወደ መዳፏ መጣ። ንዴቷ እዚያው ነበር፤ እንደያዘችው ብረት እየጋለ ነበር። የእሸቴ ትንፋሽ ከትከሻዋ ሥር ሲመላለስ ይሰማታል። ልቧ ሊሸሽም፣ ሊጠጋም ፈለገ።

«ካቃጠለሽ ልቀቂው» አላት።

«ዝም ብለህ በይድ» አለችው፤ ዘንጉንም አጥብቃ ያዘችው።